ለጥብቅና ሥራ የትኛው የኤአይ ረዳት? በምስጢር ጥበቃና በሕግ ትክክለኛነት የተመዘነ ንጽጽር

ጠበቃ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሲጠቀም የሚያሰጋው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው፣ የደንበኛው ጉዳይ ከቢሮ ወጥቶ ባላሰበው ሰው እጅ መግባቱ ነው። ሁለተኛው፣ የተሻረ አዋጅ፣ የሌለ አንቀጽ ወይም ፈጽሞ ያልተሰጠ የሰበር ውሳኔ ጠቅሶ ችሎት ፊት መቆሙ ነው። "የትኛው ይሻላል?" የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያጣው ሁለቱ ተደባልቀው ስለሚጠየቁ ነው። ምስጢርን ከሁሉ አብልጦ የሚጠብቀው መሣሪያ በሕግ ዕውቀቱ ከሁሉ ደካማው ነው። አማርኛው የሚያምረውና ሰፊ ዕውቀት ያለው ደግሞ የሰጡትን ጽሑፍ ሁሉ ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር ይወስዳል። ስለዚህ መመረጥ ያለበት ለቢሮው አንድ መሣሪያ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የሥራ ዓይነት የሚስማማው ነው። ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ለሚሠሩ ጠበቆችና የሕግ አማካሪዎች ተብሎ የተዘጋጀ ነው።

መነሻው ሕጉ ነው

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 በሙያቸው ምክንያት ያወቁትን ምስጢር የሚያወጡ ሰዎችን ይቀጣል፤ ጠበቆችና የሕግ አማካሪዎች በስም ተጠቅሰዋል፣ አስተርጓሚዎችም እንዲሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ ከአገር ማውጣትን በቅድመ ሁኔታ አጥሮታል፤ እንደ ጤና ላሉ ጥንቃቄ ለሚሹ መረጃዎችም የጠበቀ ጥበቃ ይሰጣል። የታወቁት ቻትቦቶች ሰርቨር ያለው ውጭ ነው። በመሆኑም የክስ ማመልከቻን ቀድቶ መለጠፍ እንደ ተራ ጽሕፈት ሥራ መታየት የለበትም፤ የደንበኛን መረጃ ድንበር ማሻገር ነው።

የደንበኛው ፈቃድ ነገሩን ያቀልላል፤ ግን በጽሑፍ ይሁን። በውል ስምምነቱ ላይ የትኛው መሣሪያ፣ ለየትኛው ሥራ፣ ስም ተሰውሮ ወይስ ሳይሰወር እንደሚያገለግል በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስፈር ይበቃል። "ቴክኖሎጂ ልንጠቀም እንችላለን" የሚል ጥቅል ሐረግ ግን ደንበኛው ምን እንደፈቀደ ስለማያሳይ ምንም አይጠቅምም።

ከውድድሩ ውጭ የሚሆኑት

በቴሌግራም በነፃ የሚገኙ "የቻትጂፒቲ ቦቶች" ለጥብቅና ሥራ በምንም መልኩ አይሆኑም። ወደ ቦት የሚላክ መልእክት ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው ለቦቱ ባለቤት ነው፤ እሱ ማን እንደሆነ ደግሞ አይታወቅም። የላኩት ፒዲኤፍ እሱ ጋ ይቀራል። ማንነታቸው ያልተረጋገጠ የስልክ መተግበሪያዎችና በብሮውዘር ላይ የሚጨመሩ ማሟያዎችም ከዚህ አይለዩም።

ሌላው፣ በእኛ አገር በጣም የተለመደው፣ የጋራ መለያ ነው። በዶላር መክፈል ስለሚያስቸግር ሦስት አራት ባለሙያዎች አዋጥተው አንድ መለያ ይገዙና በአንድ የይለፍ ቃል ይገባሉ። በስክሪኑ ግራ በኩል የሁሉም የቀድሞ ውይይት በርዕሱ ተደርድሮ ይታያል። ከዚያ በላይ የሚያሰጋው "ሜሞሪ" የሚባለው አገልግሎት ነው፤ ረዳቱ ካለፉ ውይይቶች ያስታወሰውን ወደ አዲሱ መልስ ያመጣል። መለያውን የሚጋሩት ጠበቆች በአንድ መዝገብ በተቃራኒ ወገን ቢቆሙ፣ የአንዱ የመከላከያ ሐሳብ በሌላው ስክሪን ላይ ሊወጣ ይችላል። ከዚህ የጋራ መለያ ይልቅ ነፃው የግል መለያ እጅግ የተሻለ ነው።

የግል መለያ፦ ነፃም ሆነ የሚከፈልበት

ብዙዎችን የሚያሳስተው በወር 20 ዶላር መክፈል ነው። ክፍያው የተሻለ ሞዴል (መልሱን የሚያመነጨው ፕሮግራም) እና ብዙ የአጠቃቀም ዕድል ይገዛል፤ መለያውን ግን የድርጅት አያደርገውም። የግል መለያ፣ ተከፈለበትም አልተከፈለበትም፣ በግል ተጠቃሚ ውል ነው የሚተዳደር።

መጀመሪያ የሚነካው ቅንብር ጽሑፍዎ ሞዴሉን ለማሠልጠን እንዳይውል የሚከለክለው ነው። በቻትጂፒቲ "ሴቲንግስ" ውስጥ "ዳታ ኮንትሮልስ" ሲከፈት "ኢምፕሩቭ ዘ ሞዴል ፎር ኤቭሪዋን" የሚል መስመር አለ፤ እሱን ያጥፉት። ክሎድ በተባለው ረዳትም የግል ተጠቃሚዎች ከ2025 ወዲህ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ይህንኑ እንዲመርጡ ይጠየቃሉ፦ ከፈቀዱ ውይይቱ እስከ 5 ዓመት፣ ካልፈቀዱ ለ30 ቀን ያህል ይቆያል። በጉግሉ ረዳት በጀሚናይ የግል መለያ፣ ሰው የገመገመው ውይይት እርስዎ ታሪክዎን ቢያጠፉም እስከ 3 ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። እነዚህ ውሎች በየጊዜው ስለሚለወጡ ቅንብሩን በየሦስት ወሩ ከፍቶ ማየት ተገቢ ነው።

ማጥፋቱ ግን የሚመልሰው አንዱን ጥያቄ ብቻ ነው። ጽሑፉ ለሥልጠና አልዋለም ማለት የትም አልተቀመጠም ማለት አይደለም። ይህን በግልጽ ያሳየው በሜይ 2025 በኒውዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት የተሰጠው ትእዛዝ ነው። ፍርድ ቤቱ በቅጂ መብት ክርክር ምክንያት የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ ተጠቃሚዎች ያጠፏቸውን ውይይቶች ጭምር ይዞ እንዲቆይ አዘዘ፤ ግዴታው እስከ ሴፕቴምበር ዘለቀ። በ30 ቀን ይጠፋል የተባለ ውይይት ለወራት ሳይጠፋ ቆየ። የኢንተርፕራይዝ (የትላልቅ ድርጅቶች ጥቅል) ደንበኞችና ምንም መረጃ እንዳይቀመጥ የተለየ ውል የነበራቸው ግን ትእዛዙ አልነካቸውም። በግልና በኢንተርፕራይዝ መለያ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

ሁለት ትንንሽ ወጥመዶችም አሉ። መልሱን ወደድኩ ወይም ጠላሁ የሚለውን የአውራ ጣት ምልክት መጫን ሙሉ ውይይቱን ለኩባንያው እንደ አስተያየት ይልከዋል፤ የሥልጠና ፈቃዱን ቢዘጉም። "ሼር" የሚለውን ተጭኖ ሊንክ መላክ ደግሞ ገጹን ለማንኛውም ሊንኩ ላለው ሰው ይከፍተዋል። በ2025 አጋማሽ ተጠቃሚዎች ያጋሯቸው የቻትጂፒቲ ውይይቶች በጉግል ፍለጋ ሲወጡ ተገኝተው፣ ኩባንያው ውይይቱ በፍለጋ እንዲገኝ የሚያደርገውን ምርጫ አንስቶታል። ለባልደረባ የሚላከው ጽሑፉ በወርድ ተገልብጦ ይሁን እንጂ ሊንኩ አይሁን።

የግል መለያ ለምን ይበቃል? ደንበኛ ለሌለበት ሥራ ሁሉ። ለሕግ ንድፈ ሐሳብ ማብራሪያ፣ ለባዶ የውል ሞዴል፣ ለሥልጠና ጽሑፍ፣ በነጋሪት ጋዜጣ ለታተመ አዋጅ ማጠቃለያ።

የድርጅት መለያ

በቻትጂፒቲ፣ በክሎድ፣ በጉግል ወርክስፔስና በማይክሮሶፍት ኮፓይለት የሚሸጡት የድርጅት ጥቅሎች የደንበኛን ጽሑፍ ለሥልጠና አለመጠቀምን በውል ይይዛሉ፤ አስተዳዳሪው ሠራተኛ ሲለቅ መለያውን ይዘጋል፣ የማቆያ ጊዜውንም በጥቅሉ ደረጃ ልክ ይወስናል። ባለሙያ ፕሮግራመር ያለው ቢሮ በኤፒአይ (አንድ ፕሮግራም ከሌላው ጋር በሚገናኝበት መንገድ) በኩል የራሱን መሣሪያ ማሠራትም ይችላል፤ ኦፕንኤአይ በዚህ መንገድ የገባ ጽሑፍን ከማርች 2023 ጀምሮ ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር ለሥልጠና አያውልም።

ውሉን ሲያነቡ ጣት የሚያርፍባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ ጽሑፉ ስንት ቀን ይቀመጣል፤ የኩባንያው ሠራተኛ በምን ሁኔታ ሊያየው ይችላል፤ ሦስተኛ ወገኖች እነማን ናቸው፤ መረጃ ቢያፈተልክ በስንት ጊዜ ይነግሩኛል፤ የውጭ ፍርድ ቤት ጽሑፉን ቢጠይቅ አስቀድመው ያሳውቁኛል ወይ። የመጨረሻውን የሚጠይቅ ጠበቃ ጥቂት ነው፤ ከላይ ያየነው ትእዛዝ ግን መጠየቅ እንዳለበት ያሳያል።

በድርጅት መለያ ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከኩባንያው ሳይሆን ከቢሮው ይመጣል። ኮፓይለት ለጠየቀው ሰው የሚያመጣው ያ ሰው ሊከፍት የሚችለውን ፋይል ሁሉ ነው። የቢሮው የጋራ ፎልደር ለሁሉም ክፍት ከሆነ፣ ለልምምድ የመጣ ተማሪ "የኪራይ ውል አምጣልኝ" ሲል የሌላ ደንበኛ የፍቺ ስምምነት አብሮ ሊወጣለት ይችላል። ስለዚህ ረዳቱን ከፋይሎች ጋር ከማገናኘት በፊት የእያንዳንዱ መዝገብ ፎልደር ለሚሠሩበት ሰዎች ብቻ ክፍት ይሁን። በሦስት ሰው ቢሮ ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ቸል ከተባለ ግን የተከፈለበት ጥበቃ ሁሉ ዋጋ ያጣል።

በራስ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ሞዴል

ኦላማ ወይም ኤልኤም ስቱዲዮ በሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች ላማ፣ ጀማ ወይም ክዌን የተባሉትን ሞዴሎች አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማሠራት ይቻላል። 8 ቢሊዮን ፓራሜትር (የሞዴል መጠን መለኪያ) ያለው ሞዴል በ4 ቢት ታምቆ 5 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ 16 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ፣ ዝግ ብሎ ቢሆንም፣ ይሠራል። 27 ቢሊዮን ያለው ጀማ 3 በተመሳሳይ እመቃ 17 ጊጋባይት ገደማ ስለሚሆን 32 ጊጋባይት ራም ወይም ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል።

ለምስጢር ከዚህ የሚበልጥ የለም። ሆኖም ሦስት ነገሮች ይታዩ። አንደኛ፣ ኦላማ ስማቸው "ክላውድ" በሚል የሚያልቅ ሞዴሎችም አሉት፤ እነሱ የሚሠሩት በእርስዎ ማሽን ላይ አይደለም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ዋይፋዩን አጥፍተው ይጠይቁት፤ ከመለሰ እዚሁ ነው ያለው። ሁለተኛ፣ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ምስጢሩ አብሮ ይሄዳልና ዲስኩ በቢትሎከር ወይም በመሰል ቁልፍ ይቆለፍ።

ሦስተኛው ሳይታወቅ የሚጎዳው ነው። ኦላማ በብዙ ስሪቶቹ ካልተነገረው በቀር በአንድ ጊዜ የሚይዘው 4096 ቶክን ያህል ነው። ቶክን ማለት ሞዴሉ ጽሑፍን ቆራርጦ የሚያነብበት ቁራጭ ነው፤ የግእዝ ፊደል ደግሞ እያንዳንዱ በኮምፒዩተር 3 ባይት ስለሆነ አንድ የአማርኛ ቃል ብዙ ቁራጭ ይወጣዋል። ባለ 20 ገጽ ውል ሲሰጡት የያዘው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የቀረውን እንዳላነበበ ግን አይናገርም። "ውሉ ስለ መቀጮ ምንም አይልም" ብሎ በልበ ሙሉነት ይመልሳል፣ መቀጮው ግን ሞዴሉ ባላየው ገጽ ላይ ተጽፏል። መጠኑን ከቅንብሩ ያሳድጉ፣ ውሉንም በክፍል በክፍል ይስጡት፤ ከዚያ በመጀመሪያው፣ በመሐሉና በመጨረሻው ገጽ ላይ ስላለ አንዳንድ ነገር ጠይቀው ማንበቡን ይፈትኑ።

ትንንሾቹ ሞዴሎች አማርኛቸው ደካማ ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ ሕግም የሚያውቁት እዚህ ግባ አይባልም። የሚሆኑት በእጅ ያለን ሰነድ ለማደራጀት፣ የክስተቶችን ቅደም ተከተል ለማውጣትና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውልን አንቀጽ በአንቀጽ ለመለየት ነው።

የውጭ የሕግ ምርምር ምርቶች

ዌስትሎና ሌክሲስ በኤአይ የታገዘ ፍለጋ ያቀርባሉ። አሜሪካ ውስጥ የስደተኞችን ጉዳይ ለሚይዝ አማርኛ ተናጋሪ ጠበቃ ጠቃሚ ናቸው፤ ለአገር ውስጥ ክርክር ግን ገንዘቡን አያወጡም። በእነሱም ቢሆን መዘናጋት አይገባም፦ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 ሲፈትኗቸው፣ ለሕግ ብቻ የተሠሩት እነዚህ መሣሪያዎች ከ17 እስከ 33 በመቶ በሚሆኑት ጥያቄዎች ላይ የተሳሳተ ወይም ምንጩ የማይደግፈው መልስ ሰጥተዋል።

"ለኢትዮጵያ ሕግ የተሠራ" የሚል ምርት ይዞ የሚመጣ ሻጭ ካለ አራት ነገር ይጠይቁት። የነጋሪት ጋዜጣው እስከ የትኛው ቁጥር ገብቷል? ከሰበር ውሳኔዎች የትኞቹ ቅጾች አሉ? መልሱ የዋናውን ገጽ ምስል ይከፍታል ወይ? የተሻረን ሕግ ከጸናው ይለያል ወይ? ሦስተኛውን ማሳየት ያልቻለ ምርት አይገዛ።

ሕጉን ለምን ይሳሳታሉ?

አብዛኛው የኢትዮጵያ ሕግ በይነመረብ ላይ ያለው ስካን በተደረገ ምስል ነው። የተሻሩት ሕጎችና ስለ እነሱ የተጻፉት ጽሑፎች ደግሞ ከአዲሶቹ ይበዛሉ። ለዚህ ነው ሞዴሉ የቆየውን የሚያስታውሰው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግን እንይ፦ በተሻረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የሙከራ ጊዜ 45 ቀን፣ የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 14 የሥራ ቀን፣ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 60 ቀን ነበር። በሥራ ላይ ባለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሙከራው 60 የሥራ ቀን፣ የዓመት ፈቃዱ 16 የሥራ ቀን፣ ከወሊድ በኋላ ያለው 90 ቀን ሆኗል። አንድ መሣሪያ "45" ወይም "14" ካለዎት በየትኛው አዋጅ ላይ ቆሞ እንደሚመልስ ወዲያው ይገባዎታል።

የዓመተ ምሕረቱ ነገር ሌላው ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እና በእንግሊዝኛው 1156/2019 የተባለው አንድ ናቸው፤ ረዳቱ ግን ሁለት አዋጅ አድርጎ ሊያነጻጽራቸው ይችላል። "የ2004 የወንጀል ሕግ" ብሎ በአማርኛ ከጻፈ የፈረንጁን ዓመት ነው ያመጣው፤ ሕጉ የ1996 ዓ.ም. ነው፣ ከእሱ በፊት የነበረውም የ1949። ክልልና ፌዴራልንም ያምታታል፦ ከአማራ ክልል ለመጣ የፍቺ ጉዳይ የፌዴራሉን የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ይጠቅሳል፤ ክልሉ ግን የራሱ አዋጅ ቁጥር 79/1995 አለው። የቃል ወጥመድም አለ፦ "ዋስትና" የሚለውን በብድር ውል ውስጥ አግኝቶ የወንጀል ተከሳሽ የሚፈታበትን ዋስትና አድርጎ ይተረጉመዋል።

የሰበር ውሳኔ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከፋል። የመዝገብ ቁጥር አምስት ወይም ስድስት አሃዝ በመሆኑ አንዱን መፍጠር ለሞዴሉ ምንም አይከብደውም። ከፈጠራው የከፋው ግን እውነተኛ ቁጥርን ለማይመለከተው ጉዳይ መስጠቱ ነው። የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 ስለ ሕፃን አስተዳደግና ከሁሉ በላይ ስለ ሕፃኑ ጥቅም የተሰጠ የታወቀ ውሳኔ ነው። ረዳቱ ይህን ቁጥር ለቤት ሽያጭ ክርክር ቢጠቅሰው፣ ቁጥሩን ብቻ ፈልጎ "አለ" ያለ ሰው ይታለላል። ስለዚህ ውሳኔው የታተመበት ቅጽ ተከፍቶ ይነበብ፦ የተያዘው ጭብጥ፣ የሕግ ትርጉም የተሰጠበት አንቀጽ፣ የተሰየሙት ዳኞች ቁጥር (አስገዳጅ የሚሆነው ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የሰጡት ነው)፣ በኋላም ትርጉሙ ተለውጦ እንደሆነ።

ረዳቱን ራሱን "ይህ ውሳኔ እውነት አለ?" ብሎ መጠየቅ ማጣራት አይደለም። በ2023 በኒውዮርክ በታየው፣ ሮቤርቶ ማታ የተባለ ሰው በአቪያንካ አየር መንገድ ላይ ባቀረበው ክስ የከሳሹ ጠበቃ ይህንኑ ጠይቆ ነበር፤ ቻትጂፒቲ ውሳኔዎቹ እውነተኛ መሆናቸውንና በዌስትሎና ሌክሲስ እንደሚገኙ አረጋገጠለት። አንዳቸውም አልነበሩም፤ ቅጣቱ 5,000 ዶላር ሆነ። በጁን 2025 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ካያቸው ጉዳዮች በአንዱ ደግሞ ከ45 ጥቅሶች 18ቱ የሌሉ ውሳኔዎች ነበሩ። እዚያ ምርምሩን የሠራው ደንበኛው ራሱ ነው፤ ጠበቃው ሳያጣራ ተቀበለው። ደንበኛ "አጥንቼ መጣሁ" ብሎ ወረቀት ሲሰጥዎት ይህን ያስታውሱ።

ከመግዛት በፊት የግማሽ ሰዓት ፈተና

ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአማርኛ ይስጡ።

የሙከራ ጊዜን፣ የዓመት ፈቃድንና የወሊድ ፈቃድን ከላይ ባሉት ቁጥሮች ይመዝኑ። ቀጥሎ "የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 112 ምን ይላል?" ይበሉት። ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጾች ብቻ ናቸው ያሉት። "የለም" ካለ ጥሩ ነው፤ ይዘት ፈጥሮ ከጻፈ የሰበር ውሳኔም ይፈጥራል። ከዚያ መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጅ ስንት እንደሆነ ይጠይቁት፤ መልሱ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፣ ጳጉሜን 6 ስለነበረች። "11" የሚል ብዙ ነው። "ቀጠሮ ከጠዋቱ 3 ሰዓት" የሚልን መጥሪያም ወደ እንግሊዝኛ ያስተርጉሙት፤ 9 ሰዓት ማለት አለበት።

በመጨረሻ ከአንድ አዋጅ አምስት ገጽ ሰጥተው፣ በውስጡ የሌለ ነገር ይጠይቁት። "በሰጡኝ ጽሑፍ ውስጥ አላገኘሁም" የሚል መሣሪያ ብዙ ከሚያውቀው ይልቅ ለጠበቃ ይጠቅማል። እኛ ከሁሉም ፈተናዎች ትልቁን ክብደት የምንሰጠው ለዚህ ነው።

ጽሑፉን ሰጥቶ ማሠራት

የትኛውም ቢመረጥ፣ ሕጉን ከረዳቱ ከመጠየቅ ሕጉን ለረዳቱ መስጠት ይሻላል። ግን ነጋሪት ጋዜጣ ሁለት ዓምድ ነው፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን። ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ፕሮግራም መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ አሻግሮ ካነበበው ሁለቱ ቋንቋ ይጠላለፋል። የአማርኛውን ዓምድ ብቻ ቆርጠው ይስጡት፤ ልዩነት ሲኖር የሚጸናውም እሱ ነው። በቆዩት የፓወር ግእዝና የቪዥዋል ግእዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ሲገለበጥ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆናል፤ እሱን ሳይለጥፉ በፊት ወደ ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ ወደሚያነቡት የፊደል ደረጃ) ይለውጡት። ፍለጋም ሲያደርጉ "ሕግ" እና "ህግ"፣ "ሥልጣን" እና "ስልጣን" ለኮምፒዩተር የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን አይርሱ።

ማጠቃለያ ሲያሠሩ ዓይንዎ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይሁን። የአማርኛ ሕግ ልዩ ሁኔታውን በ"ካልሆነ በቀር" ይሸፍነዋል፣ አሉታውንም በግሱ ላይ ያደርጋል፤ ማጠቃለያ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ነው።

ቀነ ገደብን ከኤአይ አይቀበሉ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ይግባኝ በ60 ቀን ነው፤ በሥራ ክርክር ግን 30 ቀን። ረዳቱ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ቢሰጥዎት የደንበኛው መብት በአንድ መልስ ይጠፋል። ቀኑን ከሕጉና ከመዝገቡ በእጅ ይቁጠሩ።

ከተቃራኒ ወገን የመጣ ፋይል ላይም ጥንቃቄ ያሻል። በነጭ ፊደል ነጭ ወረቀት ላይ ለሰው የማይታይ ትእዛዝ ተጽፎ ረዳቱን ሊያሳስት ይችላል፤ ጽሑፉን ወደ ባዶ ገጽ ገልብጠው ይዩት።

ስም መሰወር፣ በአማርኛ

ስምን በ"ፈልግና ተካ" መቀየር እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። "ኃይሉ" በአንዱ ገጽ "ሀይሉ"፣ በሌላው "ሃይሉ" ሆኖ ስለሚጻፍ ሦስቱም ይፈለጉ። ከሳሿ "ሰላም" ከተባለች ደግሞ "የሰላም ሚኒስቴር" የነበረው "የከሳሽ ሚኒስቴር" ይሆናል፤ ስለዚህ "ሁሉንም ተካ" ከሚለው ይልቅ አንድ በአንድ ማለፍ ነው። ስም ከተሰወረ በኋላ የሚቀሩት የመዝገብ ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ የሰሌዳና የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ እንዲሁም ስልክ ናቸው። የወርድ ፋይሉ ባሕርያት ውስጥ ያለው የጸሐፊ ስምም አይዘንጋ። በፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሳጥን መሳል ጽሑፉን አያጠፋውም፤ ከሥሩ ይገለበጣል።

አንዳንድ ጉዳይ ግን ስሙ ቢነሳም ይታወቃል። በአንዲት ትንሽ ከተማ ያለ ብቸኛ ሆስፒታል ሐኪም ላይ የቀረበ ክስ በስም መሰወር አይሸፈንም። እንዲህ ያለው፣ የፆታ ጥቃት መዝገብና ሕፃናት ያሉበት ጉዳይም ጭምር፣ በራስ ኮምፒዩተር ላይ ካለው ሞዴል ውጭ አይሂድ፤ ያም ከሌለ በእጅ ይሠራ።

ታዲያ ለማን የቱ?

ብቻውን ለሚሠራ ጠበቃ፦ ለምርምርና ለባዶ የውል ሞዴሎች ሥልጠናው የተዘጋበት የግል መለያ፣ ለመዝገብ ሥራ 16 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ሞዴል። ወጪው አነስተኛ ነው፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ለተቋቋመ የጥብቅና ድርጅት፦ የድርጅት መለያ፣ ከዚያ በፊት የፎልደሮች ፈቃድ ማስተካከያ፣ ለጥብቅ መዝገቦችም አንድ ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር። በጀቱ አንዱን ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ የፎልደሩ ሥራ ይቅደም።

ለድርጅት የሕግ ክፍል ባለሙያ ምርጫው ብዙ ጊዜ በአይቲ ክፍሉ እጅ ነው። የእሱ ድርሻ ከላይ ያሉትን የውል ጥያቄዎች በጽሑፍ አቅርቦ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ነው።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገር፦ ደንበኛው ራሱ የጻፉለትን የሕግ አስተያየት ወስዶ "ይህ ትክክል ነው?" ብሎ ነፃ ቻትቦት ላይ ሊለጥፈው ይችላል። ቢሮው ውስጥ የተጠበቀው ምስጢር በደንበኛው ስልክ ይወጣል። በመጀመሪያው ቀጠሮ ይህን በቃል ይንገሩት፣ ከዚያም በሚልኩለት አስተያየት የመጀመሪያ ገጽ አናት ላይ "ወደ ማንኛውም የኤአይ አገልግሎት እንዳይገባ" ብለው በደማቅ ይጻፉ።